በእበት የተለሰነው በር

የልጅ ልጆቼ እግሬ ቤት አላርፍ ሲል አይተው «አያታችን መንገድ ነው የወለዳት» ይሉኛል። መንገድ አይደለም፤ ቅናት ነው።

ባሌ ያቺን አሮጌ ጂፕ ይዞ ከተማችን ንፋስ መውጫ የገባ ቀን ጎረቤቱ ሁሉ እልል ሲል፣ ከእኔ አንዲት እልልታ አልወጣችም። በደርግ ጊዜ ነው፣ ቻይና የሠራው መንገድ ገና አዲስ ሳለ። መኪናዋን የሸጠችለት እስቴ ጠጅ ቤት ያላት አንዲት ፈት ሴት መሆኗን ከእሱ በፊት ገበያው ነግሮኛል። ቀይ ናት አሉ፣ ጥርሷ ወርቅ ነው አሉ፣ መኪናም ራሷ ትነዳለች አሉ። ይህን ሁሉ ሰምቼ እንዴት እልል ልበል?

እሱ ደግሞ ዝም ቢል ምን ነበረበት። ራት ላይ «ሴትዮዋ እኮ እንደ ዓይኗ ብሌን ነው የያዘቻት፤ ስትበላሽም በገዛ እጇ ነው የምትጠግናት» ይለኛል። ጠዋት የራሱን ፊት ሳይታጠብ የመኪናዋን መስታወት ይወለውላል። «የኔ እመቤት» ሲላት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እኔን በሠርጌ ማግሥት እንኳ እንዲያ አላለኝም። በዚያ ላይ እህል ጭኖ ደብረ ታቦር በወረደ ቁጥር «ስለ ሞተሩ የምጠይቃት አለኝ» እያለ እስቴ ያድራል። ይህቺ ሴት ባሌን ከነመኪናዋ መልሳ ልትወስደው ነው ብዬ አንጀቴ አረረ።

ለልደት እዚያው አገራችን ያለውን የቤተ ልሔም ገዳም ልንሳለም ስንሰናዳ ባሌ መኪናዋን «እስቲ እጠቢያት» አለኝ። መኪና አጥቤ አላውቅም፤ የማውቀው ድስት ማጠብ ነው። አመድና አሸዋ አመጣሁ፣ ሣር ጠቀለልኩ፣ ጥላሸት እንደጠጣ ድስት ፈገፈግኳት። ንዴቴም እጄ ላይ ሳይወርድ አልቀረም። አረንጓዴው ቀለም ተላጠ፣ ከሥሩ ጭቃ መጣ። ውኃ ብጨምርበት የበሩ ታችኛው ግማሽ ተንዶ እግሬ ላይ ወደቀ። አንስቼ አሸተትኩት። እበት! እበትና የጤፍ ጭድ፣ ጆንያ ላይ ተለስኖ ቀለም የተቀባ። እበቱም ቢሆን በወጉ አልቦካም።

ጎረቤታችን መነኩሲቷ በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው አዩና፣

«ልጄ፣ ይቺ መኪና ናት ወይስ ጎታ?» አሉኝ።

«እማሆይ፣ ጎታስ ብትሆን እህል በያዘች!»

ሆዳችንን ይዘን ስንስቅ ባሌ ወጣ። በሩን አየ። በጀርባው ተኝቶ ከመኪናዋ ሥር ገባ። የቤንዚን መያዣው የተቀደደበት በልብስ ሳሙና ተደፍኗል። ወለሉ የዘይት ቆርቆሮ ነው። በሩንም ዘግቶ የኖረው መቆለፊያ ሳይሆን ጭቃው ውስጥ የተቀበረ የበሬ ጠፍር ኖሯል። ሲወጣ ፊቱ አመድ መስሏል።

«በዓሉ ይለፍ እንጂ ያቺን ሴትዮ ልኳን ነው የማሳያት!» አለ።

ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ቤተ ልሔምን በእግራችን ተሳልመን በተመለስን ማግሥት ግን ምላጭ ሲፈልግ አገኘሁት። ነጭ ጋቢውንም ከተሰቀለበት አውርዷል።

«ለጠብ የሚሄድ ሰው ጢሙን ይላጫል እንዴ?»

«ሰው ፊት ስቀርብ ምን ልምሰል?»

«እንግዲያው እኔም አለሁበት።»

«አንቺ ሴት፣ በሩ አይዘጋም፤ ገደል ትገቢያለሽ!»

«እኔ እይዘዋለሁ።»

ጠፍሩን በሁለት እጄ ጨብጬ ከፊት ተቀመጥኩ። እስከዚያ ቀን የማውቃት ዓለም አርብ ገበያ ከተማ ላይ ታበቃ ነበር፣ ያውም በእግር። የጉና ተራራ ከጎናችን ሲዞር፣ የክምር ድንጋይ ከተማ መጥቶ ወደ ኋላ ሲቀር፣ የምሄድበትን ጠብ እረሳና ደግሞ አስታውሰዋለሁ።

እስቴ ስንደርስ ሴትዮዋ ወጣች። እውነትም ቀይ ናት፤ ወርቁ ግን አንድ ጥርስ ብቻ ነው። ባሌ ቁጣውን የት እንደጣለው እንጃ፣ «እንደምን ሰነበትሽ» ብሎ ጎንበስ አለ። በሩን እያሳየሁ «ይህ ምንድን ነው?» ያልኳት እኔ ነኝ።

«ይኸው!» አለች። «በሩን ውኃ አታስነካው፣ ጭቃ ነው፤ ቤንዚኑንም ሳሙና ነው የያዘው ብዬ አንድ ሳላስቀር ነግሬዋለሁ። ዓይኑ እንጂ ጆሮው እዚህ አልነበረም፣ እህቴ።»

ባሌ ጋቢውን ማስተካከል ያዘ።

«ሲመላለስስ ምን ይልሻል?» አልኳት።

«ጠጅ ይጠጣል፣ ስለ ሞተር ይጠይቃል፣ ደግሞ ይጠጣል። ለዛ የሚባል አልፈጠረበትም፤ በይ ውሰጂልኝ!»

ቅናቴ እዚያ ላይ ማብቃት ነበረበት። እሷ ግን በሩን እየዳሰሰች ቀጠለች። «እበቱን የለሰንኩት ወልድያ ስሄድ ነው፣ ብቻዬን። ሳሙናው ባሕር ዳር ስወርድ። ጠፍሩን ስማዳ አንድ ገበሬ ከቀንበሩ ፈትቶ ሰጠኝ።»

እያንዳንዱ ልጥፍ አገር ነበረው። ባሌን ብትወስደው እንኳ ያን ያህል ባልቀናሁ።

ስንመለስ ባሌ «በሩን ብረት ሠሪ ዘንድ እወስደዋለሁ» አለ።

«በብረት አይሠራም» አልኩት።

ቤት ገብቼ እበቱን በወጉ አብኩቼ፣ ጭዱን አብዝቼ ራሴ ለሰንኩት። ጠፍሩን ግን ጭቃው ውስጥ መልሼ አልቀበርኩትም፤ ከውስጥ የሚይዘው ሰው ይፈልጋል። ያን ጠፍር ይዤ ስማዳን አየሁ፣ ወልድያን አየሁ፣ የባሕር ዳርን ውኃ አየሁ። ኬላ ላይ ጠባቂዎቹ «ሴትዮዋስ ምንህ ናት?» ሲሉት ባሌ አንገቱን ደፍቶ፣

«የበሩ መቆለፊያ ናት» ይላቸው ነበር።