ያልታጠበው ናሙና

እውነተኛ ስማቸውን ከደመወዝ ጸሐፊው በቀር የሚያውቅ አልነበረም። በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ማቅለሚያ ክፍል ሁሉም የሚጠራቸው «እትዬ አለቅልቂ» እያለ ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ከገንዳ የወጣ ጨርቅ ሁሉ ሳይመረመር በፊት ሦስት ውኃ እንዲያልፍ ያዝዙ ነበርና። አዲስ ሠራተኛ ሁለተኛው ላይ ካቆመች፣ ያ የለሰለሰ ድምፅ ከኋላዋ ይመጣል፤ «አለቅልቂ፣ ልጄ።» በቤታቸውም ለእንግዳ የሚቀርብ ብርጭቆ ከዚህ ሕግ አያመልጥም።

የመጨረሻ ልጃቸው የወር አበባዋ በመጣ ቁጥር ቆዳዋ እየተቆጣ ከትምህርት ቤት መቅረት ጀመረች። እናትም ከሱቅ የመጣውን ፓድ ቀደው በመስኮቱ ብርሃን አገላበጡት። ንጣቱ አላማራቸውም። ሽቶ አለው፤ ከሽቶው ሥር ግን ዕድሜ ልካቸውን በፋብሪካው የሚያውቁት የጨርቅ ማንጫ ኬሚካል ይሸታል።

ነገሩን በክፍሉ ሴቶች መካከል ሲያነሱት፣ አንዷ አንገቷን ደፍታ የእኔም ልጅ እንዲሁ ናት አለች። ሌላዋ የራሷን ሕመም ተናገረች። ለዓመታት በእፍረት የታፈነው ነገር በዚያች ቀን አፍ አወጣ። መቶ አርባ ሴቶች ፈርመው፣ ቆዳ የሚጎዳው ኬሚካል እንዲታገድ፣ በእሽጉም ላይ በውስጡ ያለው ሁሉ እንዲጻፍ ለጥራት ቁጥጥር መሥሪያ ቤቱ አመለከቱ። መሥሪያ ቤቱም ናሙና አምጡ አላቸው።

ናሙናውን ያዘጋጁት እትዬ ነበሩ። ውጤቱ ግን ምንም አልተገኘም የሚል ሆነ። ሴቶቹ በመሥሪያ ቤቱ ለስብሰባ ሲጠሩ፣ ፓዱን ያስመጣው ነጋዴ ፈገግ ብሎ ተቀምጧል። ናሙናውን የመረመረችው የላቦራቶሪ ባለሙያ ብቻ ግራ ገብቷት፣ ናሙናው ሲደርሳት ለምን እርጥብ እንደ ነበረ ጠየቀች።

እትዬ እጃቸውን አዩ። ያን ጊዜ ትዝ አላቸው።

«አጥቤዋለሁ» አሉ። «ሦስት ውኃ።»

አብራቸው ያረጀችው ባልደረባቸው አላስቻላትም፤ «ምነው እትዬ፣ ለአንድ ቀን እንኳ ቆሻሻ ማሳለፍ አቃተዎት?» አለች። ነጋዴውም ሳይቀር ሳቀ። እርሳቸው ግን ሳቁ እስኪያልቅ ጠብቀው ተነሡ።

«ስሕተቱ የእኔ ነው፤ እጄ ለምዶበት ነው። ግን ሳጥበው ሦስቱም ውኃ አረፋ አወጣ። ንጹሕ ጥጥ ምን አለውና አረፋ ያወጣል? ያልተከፈተ እሽግ እናንተው ከሱቅ ግዙ። እኔ እጄን አጣጥፌ እቀመጣለሁ።»

ሰብሳቢውም እሽጉ እንዲገዛ አዘዘ። እትዬም ባለሙያዋ ናሙናውን አሽጋ እስክትወስድ ድረስ እጃቸውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው ቆዩ። በሳምንቱ ውጤቱ መጣ፤ የማንጫው ቅሪት ተገኘ። ያ ፓድ ከየሱቁ ተነሣ፤ የሌሎቹ ፓዶች አስመጪዎችም በውስጡ ያለውን ሁሉ በእሽጉ ጀርባ እንዲጽፉ ታዘዙ።

አንድ ወር ሙሉ ከትምህርት ቤት ያልቀረችው ልጃቸው፣ አዲሱን እሽግ ይዛ የተጻፈውን ከላይ እስከ ታች አነበበችላቸው።

«ድገሚው እስቲ» አሉ፣ መነጽራቸው ዓይናቸው ላይ ሳለ።

በላቦራቶሪው በር ላይ ዛሬም፣ ናሙና ሳይታጠብ ይቅረብ የሚል ማስታወቂያ ተለጥፎ ይታያል። የማቅለሚያ ክፍል ሴቶች በዚያ ሲያልፉ ቆመው ያነቡትና፣ የእትዬ ሕግ ነው እያሉ ለልጆቻቸው ያሳያሉ።