ሳላርመው ያለፍኩት ደብዳቤ

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ዐቢይ ጾም በገባ ሰሞን ነው። እስካሁን ከአእምሮዬ ያልወጣው የተከራየሁበት ቤት ስለተሸጠ አይደለም። አትላንታ ውስጥ ቤት ሲሸጥ ማየት ብርቅ አይደለም። ያልወጣው፣ የሰው ስህተት ሳላርም ማለፍ የማልችል ሴት፣ አንዱን ስህተት እያወቅኩ በገዛ እጄ ስለጻፍኩት ነው።

የምኖረው ቻምብሊ፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ባለ ቤት ቤዝመንት ውስጥ ነው። ላይኛው ቤት ባለቤቷ ወይዘሮ አስካለ ይኖሩበት ነበር። ታች ሁለት ክፍል አለ፤ በአንዱ እኔ፣ በሌላው መዓዛ የምትባል ልጅ ነበርን። ኩሽናው የጋራችን ነው። መዓዛ ሃያ ሰባት ዓመቷ ነበር። ሌሊት አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ትሠራለች፣ ቀን ነርሲንግ ትማራለች። እኔ አርባ ስድስት ሞልቶኝ ነበር። ሃይስኩል የጨረስኩት እዚሁ አገር፣ በአርባ አንድ ዓመቴ ነው። ዘግይቶ የተማረ ሰው ወረቀት ያከብራል።

ክፍሉን ስከራይ የጽሑፍ ውል ጠየቅኩ። ወይዘሮ አስካለ ቀና ብለው አዩኝ። «ከእኔ ጋር? ወረቀት?» አሉ። በእኛ ሰው ዘንድ፣ ቤተ ክርስቲያን የምትስም ባልቴትን ወረቀት መጠየቅ «አላምንሽም» ከማለት አይተናነስም። ይህን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ግን ከዚያ በፊት ብሩክሄቨን ውስጥ በቃል የተከራየሁትን ክፍል «የእህቴ ልጅ መጣች» ተብዬ በሳምንት ለቅቄአለሁ። የፈተና ሳምንት ነበር። ወደቅኩ። ስለዚህ እየተሸማቀቅኩም ቢሆን ድርቅ አልኩ። ሊሱን፣ ማለትም የኪራይ ውሉን፣ አስፈረምኩ፣ በየዓመቱም አሳደስኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወይዘሮ አስካለ «ልጄ» ማለት ትተው «ወይዘሮ ዘነበች» ይሉኝ ጀመር።

መዓዛ ወረቀት አልጠየቀችም። ሻንጣዋን ይዛ ገባች፣ «እማዬ» አለቻቸው፣ አለቀ። ወር ሳይሞላት የላይኛው ቤት ቁልፍ ተሰጣት።

ቅዳሜ ቅዳሜ ወይዘሮ አስካለ ወለላቸውን በመጥረጊያ እንጨት ሁለቴ ይመታሉ። «መዓዚ፣ ነይ ብዪ» ማለት ነው። የሚመቱት ልክ እኔ ክፍል አናት ላይ ነበር። መዓዛ በነጠላ ጫማዋ እየሮጠች ትወጣለች። ወንበር ሲጎተት እሰማለሁ። ሲስቁ እሰማለሁ፤ የሽሮው ሽታ ወደ ታች ይወርዳል። እኔ አልጋዬ ላይ መጽሐፍ ይዤ አንዱን ገጽ አምስት ጊዜ አነባለሁ። መጀመሪያ «ጫጫታ ይረብሸኛል» እያልኩ ራሴን አታለልኩ። ቅናት ነበር። በዚያ ዕድሜዬ፣ በአንድ ሳህን ሽሮ።

አንድ እሑድ ወይዘሮ አስካለ በሬን አንኳኩ። አንኳኩተው አያውቁም።

«ቤቱን ልሸጠው ነው» አሉ እንደቆሙ። «ጉልበቴ ደረጃውን እምቢ አለ። ኮንየርስ፣ ልጄ አጠገብ ትንሽ ቤት አይቻለሁ። እርስዎ አይስጉ። የሚያሻሽጠው ኤጀንት እንደሚለው ሊስዎ እስከ ዲሴምበር ስለሆነ ገዢዎቹ ከነውሉ ነው የሚረከቡት።»

«መዓዛስ?» አልኩ።

«የእሷን ክፍል ባዶ ይፈልጉታል። «ልቀቂ» የሚል ኖቲስ በጽሑፍ ይሰጣት አለኝ። ለዚያ ነው የመጣሁት። እንግሊዝኛውን የሚችሉት እርስዎ ነዎት።»

«ስንት ቀን ይባል?»

«ሁለት ሳምንት። ክሎዚንጉ፣ ርክክቡ፣ ያኔ ነው።»

«አይከብዳትም?»

ወይዘሮ አስካለ ፈገግ አሉ። «እርስዎን ይውጡ ብል ሕግ ይጠቅሱብኛል። እሷ ግን ልጄ ናት። እምቢ አትለኝም።»

ሕጉን አውቀው ነበር። ከሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የተዋስኩት የተከራዮች መመሪያ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። በጆርጂያ፣ የጽሑፍ ውል የሌለው ተከራይ እንኳ አከራዩ «ልቀቅ» ሲለው ስልሳ ቀን አለው። ቤቱ መሸጡ ይህን አይቀንስበትም። የሰው መጽሐፍ ስለሆነ አላሰመርኩበትም እንጂ፣ ገጹ ላይ ወረቀት ሰክቼበት ነበር።

ተቀምጬ «አሥራ አራት ቀን» ብዬ ጻፍኩ።

ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንድ ነጠላ ሰረዝ ቦታዋን ስታ አገኘኋትና አስተካከልኳት። ቁጥሩን ተውኩት። «የታዘዝኩትን ነው የጻፍኩት» አልኩ ለራሴ። እውነቱ ግን፣ ያ መጥረጊያ ዝም ሲል መስማት ፈልጌ ነበር።

በማግስቱ መዓዛ ከሥራ ስትገባ ኩሽና ውስጥ ነበርኩ። የሥራ ልብሷን እንኳ አላወለቀችም። ወረቀቱን አቀበለችኝ።

«ዘኑ፣ እስኪ እይልኝ። ኤጀንቱ ነው መሰለኝ የጻፈው፣ እንግሊዝኛው ያምራል። በሁለት ሳምንት ሙቭ አውት አድርጊ ነው አይደል የሚለው?»

«ነው» አልኩ።

«ፋይናሌ እኮ አምስት ሳምንት ነው የቀረው።» ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ቤት ስፈልግ፣ ዕቃ ሳመላልስ መቼ አጠናለሁ? ከወደቅኩ ክላሱ እንደገና የሚሰጠው በዓመቱ ነው።» ከዚያ ሳቅ አለች፤ የሚያስቅ ነገር አልነበረም። «ለእማዬ ግን እሺ ብያታለሁ። ምን ልበላት?»

ብሩክሄቨን ትዝ አለኝ። መኪናዬ የኋላ ወንበር ላይ ከድስትና ከብርድ ልብስ መሃል የተቀበረው የሒሳብ ደብተሬ ትዝ አለኝ።

ክፍሌ ገብቼ መመሪያውን አመጣሁና ገጹን ገልጬ ፊቷ አስቀመጥኩት። «ስልሳ ቀን አለሽ» አልኳት።

በጣቷ እየተከተለች አነበበችው። «እንዴ። ታዲያ ይሄን ደብዳቤ የጻፈው ሰው ሕጉን አያውቅም ማለት ነው?»

«ያውቃል። እኔ ነኝ የጻፍኩት።»

ቀና ብላ አየችኝ። «ስትጽፊው ታውቂ ነበር?»

«አዎ።»

«ምን አድርጌሽ ነው?»

ሳህን ሽሮ ማለት አልቻልኩም። «ምንም» አልኳት።

ጣቷን ከገጹ ላይ አነሳች። ከዚያ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ፣ «አንቺ ወረቀት አለሽ» አለችኝ። «እኔ ያለችኝ እሷ ናት። አሁን ላይ ወጥቼ ሕግ ላንብብላት?»

መጽሐፉን ዘጋችው። ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ ትታ ክፍሏ ገባች። በሩን ድርግም አድርጋ ብትዘጋው ይሻለኝ ነበር፤ ቀስ አድርጋ ነው የዘጋችው።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። እኔ ስቀናበት የኖርኩት ፍቅር እምቢ ማለት የማይቻልበት ነበር። ይህ ቢገባኝም ግን ቅናቱ አልለቀቀኝም።

ደብዳቤውን እንደገና ጻፍኩት። «ስልሳ ቀን» አልኩ። ከዚያ በሦስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ያንን ደረጃ ወጣሁ።

ወይዘሮ አስካለ ማዕድ ላይ ነበሩ። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሳህን አለ፤ አንዱ ባዶ ነው።

«የትናንቱ ደብዳቤ ስህተት አለበት» አልኳቸው። «ሕጉ ስልሳ ቀን ነው የሚለው።»

«እሷ ናት የላከችዎት?»

«አይደለችም። እሷ እሺ ብላለች። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። በአሥራ አራት ቀን ብትወጣ ሕገ ወጥ ነው፤ የሚጠየቁት እርስዎ ነዎት። ፈተናዋም አምስት ሳምንት ነው የቀረው።»

ጣታቸውን አጥፈው ቆጠሩ። «ይሄማ ፋሲካን አልፎ ነው። ገዢዎቹስ?»

«ይጠብቁ። ካልሆነም ከእሷ ጋር ይረከቡት።»

ትክ ብለው አዩኝ። «እርስዎ ሲሳሳቱ አይቼ አላውቅም» አሉ። ወረቀቱን ሳቡና የድሮውን ሊስ እንደፈረሙት አድርገው፣ እስክሪብቶውን ጫን ብለው ፈረሙ። «ፈተናውን አልነገረችኝም» አሉ ከዚያ፣ ለእኔ ሳይሆን ለሳህኑ እንደሚያወሩ ሆነው።

ልወጣ ስል፣ «ይቀመጡ እንጂ። ይቅመሱ» አሉኝ።

«በልቻለሁ» አልኩ።

አልበላሁም ነበር። ሦስት ዓመት የጠበቅኩትን ግብዣ በአንድ ቃል መለስኩት። ለምን እንዳልኩት እስከ ዛሬ አላውቅም። ይገባኛል ብዬ አላመንኩም ይሆናል። ወይም ለሌላ ሰው በተዘጋጀ ሳህን መብላት አልፈለግኩም።

ኤጀንቱ አጉረመረመ፤ ገዢዎቹ ግን ጠበቁ። መዓዛ በእነዚያ ሳምንታት ከ«ደህና አደርሽ» ያለፈ አላናገረችኝም። በአምስተኛው ሳምንት መጨረሻ ኩሽና ስንገናኝ፣ ማሰሮዋን እያጠበች፣ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ «አለፍኩ» አለች። «እንኳን ደስ አለሽ» አልኳት። ውሃውን ዘጋችና፣ «መጽሐፉን መልሰሻል? ጊዜው አልፎበት እንዳትቀጪ» አለችኝ። ይቅርታ ይሁን አሽሙር መለየት አልቻልኩም።

ስልሳው ቀን ሲያልቅ ወይዘሮ አስካለ ወደ ኮንየርስ ሄዱ። መዓዛንም፣ ትንሿ ቤት ለሁለት ትበቃለች ብለው፣ ይዘዋት ሄዱ። ካርቶኖቹን ያሸግኩት እኔ ነኝ፤ በየካርቶኑ ላይ ምን እንዳለበት ጽፌ፣ ፊደሉን አስተካክዬ። ቁልፏን ስትመልስ አየሁ። ወይዘሮ አስካለ የአዲሱን ቤት ቁልፍ ወዲያው እጇ ላይ አኖሩላት። አሁንም ወረቀት አልጠየቀችም። ልናገር ነበር፤ ተውኩት።

እኔ በውሌ መሠረት እዚያው ክፍል ቀረሁ። አዲሶቹ ባለቤቶች ጨዋዎች ናቸው፤ ዲሴምበር ሲደርስ ሊሱን አደሱልኝ። ላይ ልጆች ይሮጣሉ። ወለሉን በመጥረጊያ የሚመታ የለም። ቅዳሜ ሲሆን ጆሮዬ አሁንም ወደ ጣሪያው ያቀናል።

በቅርቡ መዓዛ ፎቶ ላከችልኝ። የተመረቀች ቀን የተነሳችው ነው፣ ነጭ ለብሳ፣ ከወይዘሮ አስካለ ጋር። ከሥሩ «ዘኑ፣ ስልሳ ቀን» ብላ ጽፋበታለች፤ ሌላ ምንም የለውም። ደስ አለኝ፣ ከልቤ ነው። ግን እውነቱን ለመጻፍ ነው የተቀመጥኩት። ፎቶው ሲከፈትልኝ መጀመሪያ ያየሁት የልጅቷን ፊት አልነበረም። የወይዘሮ አስካለን እጅ ነው የፈለግኩት። መዓዛ ትከሻ ላይ ነበር።