ቢከን ሂል ላይ በቁማችን የተዋጋንበት ቅዳሜ

ትእዛዙ የደረሰን ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። ያዘዘችን የሺ ናት፤ የሟቹ ጓደኛዬ የጌታሁን ሚስት፣ የናትናኤል እናት። ደውላ እንዲህ አለችኝ፦

«ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ በፈረንጁ ሦስት፣ ቢከን ሂል አቶ ዘውዱ ቤት ትገባላችሁ። መልስ ሳታገኙ አትቀመጡም። ሳትቀመጡ አትቀምሱም። ስለ ፕሬዚዳንቱ ደግሞ ትንፍሽ የለም።»

«የመጨረሻው ከበደኝ» አልኳት።

«አንተን ስለማውቅህ ነው ያልኩት። የልጄ ነገር ነው። ቀልድህን ቤትህ ቆልፈህበት ውጣ።»

በወጣትነቴ ሁለት ዓመት ወታደር ነበርኩ። ስለዚያኛው ጦር ሜዳ አልቀልድም። ጌታሁን እዚያ በአንድ ጉድጓድ አብሮኝ ያደረ ሰው ነው። ከዚያ ተርፎ እዚህ ሲያትል በሕመም ሞተ፤ ሲሞት ልጁን አደራ አለኝ። ስለዚህ የቢከን ሂሉን ውጊያ ለልጆቻችን ሳወራ የምጨምራት ነገር ብትኖርም ትንሽ ናት። ከአንድ ኪሎ አትበልጥም።

ወቅቱ የምርጫ ወቅት ነበር። ወንበሩ ላይ ያለው ፕሬዚዳንት እንደገና ልመረጥ ብሎ አገሩን በአውሮፕላን ያዳርሳል። ስሙን አልጠራም፤ ስሙ የተጠራበት ማኅበር ሲፈርስ አይቻለሁ። የኛ ሰው ክርክር ስለ ታክስ ወይም ስለ ውጭ ጉዳይ አልነበረም። ጥያቄው አንድ ነበር፦ ሰውየው አዋቂ ነው ወይስ ጅል? በዚህ ጥያቄ ቼሪ መንገድ ላይ ባሉ ምግብ ቤቶቻችን ስንት ክትፎ ቀዘቀዘ። ዋይት ሴንተር ያለ አንድ ፀጉር አስተካካይ ግማሽ ራስ ላጭቶ «ቀሪውን የምትመርጠው ሰውዬ ይላጭህ» ብሎ ደንበኛውን አባረረ ተብሏል። በዓይኔ አላየሁም። ወሬውን ያሰራጨሁት ግን እኔ ነኝ።

ሦስት ሆነን ዘመትን። መሪያችን ጋሽ ተፈራ ነበሩ፤ ሰባ አንድ ዓመታቸው፣ ጡረታ የወጡ ባለታክሲ፣ ምርቃታቸው ድንጋይ የሚያለሰልስ። መኩሪያ ሁለተኛው ነው፤ ሬድመንድ የሶፍትዌር ሥራ የሚሠራ፣ ያለ ዳታ ሰላም የማይል ሰው። የሺ አንዱን ለሽበታቸው፣ ሌላውን ለመኪናው መርጣለች። ሁለቱ የሃያ ሁለት ዓመት ጓደኛሞች ናቸው። ጋሽ ተፈራ ፕሬዚዳንቱ አዋቂ ነው ባይ ናቸው፤ መኩሪያ ጅል ነው ባይ።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ከሴንትራል ዲስትሪክት ተነሳን። ያካፋል። በየግቢው ሣር ላይ የምርጫ ሰሌዳዎች ተተክለዋል፤ የፕሬዚዳንቱን መኩሪያ አያይም፣ የተቀናቃኙን ጋሽ ተፈራ አያዩም። ጃክሰን መንገድን ስናልፍ መኩሪያ በመስታወት ወደ ኋላ አየና «ጋሽ ተፈራ፣ የትናንቱን ዲቤት አዩት?» አለ።

«ትእዛዝ!» አልኩ።

«ኦኬ፣ ኦኬ። ጠየቅኩ እንጂ።»

ዳገቱን ወጣን።

ሁኔታው ይህ ነው። የአቶ ዘውዱ ልጅ ሰላም ነርስ ናት። ሌላ ስቴት ሥራ አግኝታ በወሩ መጨረሻ ትሄዳለች። ናትናኤልም ሊከተላት ዕቃውን አስሯል። ግን «ያለ አባቴ ምርቃት ቀለበት ጣቴ ላይ አይገባም፤ ሳንጋባም አብረን አንሄድም» ብላለች። አቶ ዘውዱ በበጋው የመጡትን ሽማግሌዎች ምክንያት ሳይነግሩ መልሰዋል። ለኛ የላኩት ቃል «ይምጡ፤ ይህ ግን የመጨረሻው ነው» የሚል ነበር። ዛሬ እምቢ ካሉ ሰላም ብቻዋን ትሄዳለች።

ዘጠኝ ሰዓት ከአምስት ገባን። አቶ ዘውዱ ከራቫት አስረው ሶፋው ላይ ተቀምጠዋል። አገር ቤት የሂሳብ መምህር ነበሩ፤ እዚህ ከተማ መሃል አንድ ፓርኪንግ ሎት፣ የመኪና ማቆሚያ፣ ያስተዳድራሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ አስቴር ዳቦና ሻይ ጠረጴዛው ላይ ደርድረዋል። ግድግዳው ላይ ቲቪው ድምፁ ጠፍቶ በርቷል። የትናንቱ ዲቤት፣ የዕጩዎቹ ክርክር ነው።

«ተቀመጡ» አሉ አቶ ዘውዱ።

«ጉዳያችን መልስ ሳያገኝ አንቀመጥም» አሉ ጋሽ ተፈራ በወጉ።

«እንግዲያው ቁሙ።»

ቆምን። ጋሽ ተፈራ ከፈጣሪ ጀምረው፣ በጌታሁን ነፍስ አልፈው፣ ሰላምን ለናትናኤል ጠየቁ። እንደዚያ ያማረ ልመና ሰምቼ አላውቅም። ወይዘሮ አስቴር ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። አቶ ዘውዱ ግን ሪሞቱን አንስተው ወደ ቲቪው ጠቆሙ።

«መልስ ከመስጠቴ በፊት አንድ ጥያቄ አለኝ። ይሄ ሰውዬ አዋቂ ነው ጅል?»

ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ። የመኩሪያን ኮት ከኋላ ያዝኩ።

«አቶ ዘውዱ፣ እኛ እኮ የመጣነው ለልጆቹ ነው» አልኩ።

«ለልጆቹ እደርሳለሁ። ጥያቄዬን።»

ጋሽ ተፈራ ተኮሱ። «ጅል ሰው እዚያ ወንበር ላይ አይደርስም። ሠላሳ ዓመት ሰው አመላልሻለሁ፤ ጅል ከኋላ ወንበር ሲቀመጥ በትንፋሹ አውቀዋለሁ።»

መኩሪያ ከእጄ አመለጠ። «ጋሽ ተፈራ፣ ይሄ ሰውዬ የጀመረውን ዐረፍተ ነገር አይጨርስም! ስለ ሕክምና ወጪ ሲጠይቁት ስለ ዓሣ ማጥመድ ነው የሚመልሰው። ዳታው ይታያል!»

«ሙሴስ ኮልታፋ አልነበረም?»

«ሙሴ ባሕር ከፈለ። እሱ የከፈለው ሕዝቡን ነው!»

«ስድብ ነው እንግዲህ የዳታህ መጨረሻ!»

«ቀጥሉ» አሉ አቶ ዘውዱ።

ጠላት ከፊታችን ተቀምጦ እያየ እኛው ለእኛው ተታኮስን። እኔ መሃል ቆሜ አንዴ የአንዱን፣ አንዴ የሌላውን እጅጌ እጎትታለሁ። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሆነ። ጋሽ ተፈራ ስለ ፕሬዚዳንቱ የምርጫ ስልት እየተነተኑ ነበር፤ ጅል የሚመስለው ሆን ብሎ ነው፣ ተቀናቃኙን ሊያዘናጋ ነው እያሉ። በዚያው ግለት ጉልበታቸው ታጠፈ። ተቀመጡ። መቀመጣቸውን አላወቁም። እጃቸው ወደ ዳቦው ሄደ። ወይዘሮ አስቴር አፋቸውን ያዙ። እኔ «ጋሽ...» ስል ዳቦው ገባ።

«ጋሽ ተፈራ!» አለ መኩሪያ። «ተቀመጡ እኮ! በሉ እኮ!»

ጋሽ ተፈራ ጉንጫቸው እንደሞላ ብድግ አሉ። እንዲያ የደነገጠ ሽማግሌ አይቼ አላውቅም። እዚህ ላይ ቢበቃን ኖሮ ደህና ነበር። መኩሪያ ግን ቁጣ ይዞት ነበርና አልበቃውም።

«ድሮስ ቢሆን» አለ፣ «እርስዎ እኮ እንግሊዝኛው ሳይገባዎት ነው የሚከራከሩት።»

አንቱ ብሎ ነው ያላቸው። አንቱታው ጥይቱን አላበረደውም።

ጋሽ ተፈራ ዳቦውን ቀስ ብለው ዋጡ።

«መኩሪያ» አሉ። «እዚህ አገር የመኪና መሪ ያስያዝኩህ በእንግሊዝኛ ነበር እንዴ?»

አቶ ዘውዱ ቲቪውን አጠፉት።

«አሁን እኔ ልናገር» አሉ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «በበጋ አንድ የልደት ግብዣ ላይ ናትናኤል ስለዚህ ሰውዬ ሲያወራ፣ ‹እንኳን አገር ፓርኪንግ ሎት አያስተዳድርም› ብሎ ቤቱን ሙሉ አሳቀ። እኔ ኬክ ይዤ እዚያው ቆሜ ነበር። ከነበረው ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞራ ያየችው ልጄ ብቻ ናት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ፓርኪንግ ሎት ውስጥ ሠርቻለሁ። ካልኩለስ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። አነጋገሬን የሰማ ደንበኛ ግን ለሕፃን እንደሚነገር ቀስ አድርጎ፣ ጮክ ብሎ ነው የሚያናግረኝ። ለምጄዋለሁ። የፕሬዚዳንቱ ጅልነትም አዋቂነትም ግድ አይሰጠኝም። ግን እናንተ ጋ ሰው ጅል የሚባለው በአነጋገሩና በሥራው ከሆነ፣ ልጄን ስሰጣችሁ ጅል አማት ጨምሬ መስጠቴ ነው። እሱን ደግሞ አልሰጥም።»

ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ አምስት። ጋሽ ተፈራ መሬት መሬት ያያሉ። መኩሪያ የመኪናውን ቁልፍ እያገላበጠ ነው።

ያቺን ቀልድ አውቃታለሁ። ወልጄ፣ ክርስትና አንስቼ፣ በየምግብ ቤቱ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። የሺ ቤት ምሳ ላይ ስናገራት ናትናኤል እንባው እስኪወርድ ስቆ ነበር። በሳምንቱ ያ የልደት ግብዣ ላይ ደገማት። እዚያ ቤት ውስጥ ይህን የሚያውቅ ከእኔ በቀር የለም። ዝም ብል ማንም አይነቃም። ፈንጂ የረገጠ ሰው እግሩን እንዳያነሳ ይመከራል፤ እኛም እንደዚያ ተምረናል። የጌታሁን ፊት መጣብኝ። እግሬን አነሳሁ።

«አቶ ዘውዱ፣ ቀልዷ የኔ ናት።»

«ምን አልክ?»

«ልጁ ከእኔ ሰምቶ ነው። ስለ እርስዎ ሳላስብ የተናገርኩት እኔ ነኝ።»

ከዚያ ወጣሁ። የሸሸሁ መስሏቸው ነበር፤ መኩሪያ በኋላ ነግሮኛል። በኛ ወግ የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ነው ደጅ የሚንበረከከው። ቢከን ሂል ላይ ግን ድንጋይ ወድቆ አይገኝም፤ ያለው ሁሉ ባለቤት አለው። የጎረቤቱ አትክልት ዙሪያውን በድቡልቡል ድንጋይ ታጥሯል። ትልቋን መረጥኩ። የበሬ ያህል ትከብዳለች። እሺ፣ የጥጃ።

ጎረቤቱ ውሻውን ይዞ በረንዳው ላይ ቆሟል። «ኤክስኪዩዝ ሚ?» አለኝ።

«ሪሊጂየስ» አልኩት፤ ሃይማኖታዊ ነው ለማለት።

ውሻውን ሳብ አድርጎ ወደ ውስጥ ገባ።

የአቶ ዘውዱን ደጅ አሥራ አንድ ደረጃ ድንጋይዋን ማጅራቴ ላይ አድርጌ ወጣሁ። ደፉ ላይ ተንበረከክሁ። ዝናቡ በኮሌታዬ ይገባል። አቶ ዘውዱ መጥተው ከፊቴ ቆሙ። የማየው ጫማቸውን ብቻ ነው። ከፎቁ ሰው እየሮጠ ወረደ።

«ኦ ማይ ጋድ! ዳዲ፣ ፕሊስ!»

«ሰላም፣ ቆይ» አሉ። ወደ እኔ ዝቅ አሉ። «አንድ ነገር ልጠይቅህ። ናትናኤል ያን ሲናገር የኔን ሥራ ያውቅ ነበር?»

አያውቅም ብል ያበቃ ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

«ያውቅ ነበር» አልኩ። «ያን ሰዓት ግን ትዝ አላሉትም። ጥፋቱ እሱ ነው።»

ውስጥ አንድ ሰዓት ብቻ ቀጭ ቀጭ ይላል። ከዚያ ድንጋይዋ ከማጅራቴ ተነሳች። በሁለት እጃቸው ነው ያነሷት።

«አያውቅም ብትለኝ ኖሮ ድንጋይህን ተሸክመህ ትመለስ ነበር» አሉ። «ይህን ለጎረቤቴ መልስ። ናትናኤል ሰኞ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ሥራ ቦታዬ ይምጣ። አንድ ቀን ከእኔ ጋር ይዋል፤ ደንበኛ ያስተናግድ። ከዚያ ወዲያ ልጄን ሰጥቻለሁ።»

ወይዘሮ አስቴር እልል አሉ። ሰላም አባቷ ላይ ተጠመጠመች። አሥር ሰዓት ከአሥር ላይ «ተቀመጡ» ተባልን። መኩሪያና እኔ ተቀመጥን። ጋሽ ተፈራ ልጆቹን እንዳማረ አድርገው መረቁ፤ ግን አልተቀመጡም። ዳቦ ሲቀርብላቸው «በልቻለሁ» አሉ። ሲወጡ መኩሪያ የመኪናውን በር ከፈተላቸው።

«በአውቶቡስ እሄዳለሁ» አሉና ቁልቁለቱን ያዙ።

ናትናኤል ሰኞን ቆመ። ማታ ደውሎ «ጋሼ፣ ሰዎች እንደዛ እየጮሁ ነው የሚያናግሯቸው» አለኝ፤ ሌላ አልጨመረም። በወሩ መጨረሻ ቀለበት አስረው ተጋቡና አብረው ሄዱ። ምርጫውም ተደረገ፤ ግማሹ ጨፈረ፣ ግማሹ ድንኳን ልትከል አለ።

የእኛን ጉዳት ስቆጥር እንዲህ ነው። ቁስለኛ፣ አንድ ማጅራት፤ እስከ ዛሬ በብርድ ያመኛል። የሞተ፣ አንድ፤ የሃያ ሁለት ዓመት ጓደኝነት። ሁለቱን ለማስታረቅ ሄጄ ነበር። ጋሽ ተፈራ አልተቆጡም።

«የተናገረው ውሸት አይደለም» አሉኝ። «እንግሊዝኛው ሁሉ አይገባኝም። ግን ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲያ አድርጎ እንደሚያየኝ አላወቅሁም ነበር።»

መኩሪያ ይቅርታ ሊጠይቅ ሦስት ጊዜ ሄዷል። ጋሽ ተፈራ በሩን ይከፍቱለታል፤ ይቅር ብዬሃለሁ ይሉታል፤ ሻይ ያጠጡታል፤ እስከ ደጅ ይሸኙታል። ስለ ፕሬዚዳንቱ አያነሱም። ስለ ምንም አያነሱም።