ከመጨረሻው የጀመርነው ጫማ

አዳማ ውስጥ ልዩ ፍላጎት ያላቸውን ልጆች በምናስተምርበት ትንሽ ግቢ ሥራ የጀመርኩ ሰሞን፣ አንድ ባጃጅ ነጂ የሰባት ዓመት ሴት ልጁን ይዞ መጣ። ልጅቷ ኦቲዝም አለባት፤ ከአፏ የሚወጡት ቃላት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። እናቷ ዱከም ፋብሪካ ስለምትሠራ ጠዋት በማለዳ በሚኒባስ ትሄዳለች። ልጅቷን አብልቶ፣ አልብሶ የሚያመጣት እሱ ነው።

«ቲቸር፣ ብዙ አልጠይቅም» አለኝ። «ጫማዋን ራሷ ብታደርግ ይበቃኛል። ሳጎነብስ ወገቤ አለቀ።»

ቀላል መሰለኝ። ስልጠና ላይ እንደተማርኩት ጫማ ማድረግን በስምንት ትንንሽ እርምጃዎች ከፋፍዬ ጻፍኩ። ከመጀመሪያው እርምጃ ተነስቶ አንድ በአንድ ማስተማር ይቻላል፤ ከመጨረሻው ተነስቶ ወደ ኋላ መምጣትም ይቻላል። እኔ ከመጀመሪያው መረጥኩ። ለምን ቢሉኝ፣ ወረቀቱ ላይ ሲታይ ያምራል ከማለት ሌላ መልስ አልነበረኝም።

ጫማውን ታነሳለች፤ «ጎበዝ!» ብዬ ብስኩት እሰጣታለሁ፤ የቀረውን እኔ እጨርሳለሁ። በሦስተኛው ቀን ብስኩቱን ገፋችው። በሁለተኛው ሳምንት ማብቂያ ደግሞ ጫማውን አንስታ በመስኮት ወረወረችው። ከአጥሩ ውጭ፣ ከዓለም ጤና ከተማ የሚመጣ ሽንኩርት የምትቸረችር ሴትዮ አለች፤ ጫማው ሄዶ ክምሩ መሃል አረፈ።

«ይሄንንም በኪሎ ልሽጠው?» ብላ ጮኸች።

በር ላይ ቆሞ ያይ የነበረው አባትየው በሳቅ ፈረሰ። እኔን ግን ከፋኝ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ለፍቼ ልጅቷን ጭራሽ ጫማ አስጠላኋት።

ወጥቶ ጫማውን ይዞ ሲመለስ ፊቴን አየና ሳቁን ዋጥ አደረገ። «አይቆጡኝና፣ አንድ ነገር ልበል?»

«ይበሉ እንጂ።»

«ቤት ውስጥ መጨረሻ ላይ ተለጣፊ ማሰሪያውን ሳጣብቅላት፣ ገና እጄን ሳላነሳ ወደ በሩ ትሮጣለች። ከዚያ በኋላ ባጃጅ እንዳለ ታውቃለቻ! እርስዎ ግን ጫማ ያስነሷትና ብስኩት ይሰጧታል። ብስኩትና ጫማ ምን አገናኛቸው?»

ወረቀቴን አየሁት። ስምንቱን እርምጃ ከታች ወደ ላይ አነበብኩት።

በማግስቱ ከመጨረሻው ጀመርን። እግሯን አስገብቼ፣ ተረከዟን አስተካክዬ፣ ማሰሪያውን ስቤ፣ ተጭኖ ማጣበቁን ብቻ ለእሷ ተውኩላት። መጀመሪያ እጇን ይዤ አብረን ተጫንነው። ወዲያው ወደ ባጃጁ! አባቷ ሰፈሩን አንድ ዙር አዙሮ መለሳት። እንደገና ስንቀመጥ እጄን አልጠበቀችም፤ ራሷ ተጭና አጣበቀችው።

ከዚያ መሳቡን ተውኩላት፤ ስትለምደው ተረከዙን። አንድ ቀን ቸኩዬ ሁለት እርምጃ ባንዴ ብተውላት፣ ቀና ብላ አየችኝና እጄን ይዛ ጫማው ላይ አስቀመጠችው። ሥራሽን ሥሪ ማለቷ ነው። ታዝዤ ሠራሁ።

አንድ ቅዳሜ እናትየው ከፋብሪካ ፈቃድ ወስዳ መጣች። ልጅቷ ወለሉ ላይ ተቀምጣ፣ ማንም ሳይነካት ሁለቱንም ጫማዎች አደረገች፤ የግራውን በቀኝ፣ የቀኙን በግራ። እናትየው ልታስተካክል ብድግ ስትል አባትየው ክንዷን ያዘ።

«ተያት! ራሷ እኮ ናት ያደረገችው።»

ልጅቷ እግሯን እያንጋደደች በሩ ጋ ደረሰች። ዞር ብላ እናቷን አየችና «ኮቱ!» አለቻት። እናትየው ሁልጊዜ እሷን የምትጠራበት፣ በኦሮምኛ «ነይ» ማለት የሆነ ቃል ነው። ከልጅቷ አፍ ሲወጣ ግን ማናችንም ሰምተነው አናውቅም። የእናትየው ሳቅና እንባ ተደባለቀ፤ ተከትላት ወጣች፣ ሦስቱም ተሳፍረው ሄዱ።

ሲመለሱ እናትየው «ቀጥሎ ደግሞ ፀጉሯን ማበጠር ያስተምሩልኝ» አለችኝ።

ወረቀት አላወጣሁም። «ተበጥራ ስታበቃ ምን ደስ ይላታል?» ብዬ ጠየቅኳት።

ባልና ሚስቱ ተያዩ።

«መስታወት!» አሉ፣ እኩል።