ድሬሰሩ ጀርባዬን ያየ ዕለት

በ1987 ዓ.ም. የአርባ አንድ ዓመት ሰው ነበርኩ። ከወሎ ለሰፈራ አሶሳ ከመጣን አሥር ዓመት ሆኖናል። አዲሱ ክልል ሲቋቋም በስብሰባ ላይ «የሰፋሪ መሬት ይጸናል ወይ?» ብዬ ጠየቅሁ። በዚሁ አሰሩኝ። ክፍሏ ጭቃ የተመረገ የቀርከሃ ግድግዳና ዝቅ ያለ የቆርቆሮ ጣሪያ ነበራት፤ ቀን ቀን ቆርቆሮው ይንጣጣል።

ውስጥ አንድ የአካባቢው ተወላጅ፣ የበርታ ሰው አገኘሁ። ድሬሰር፣ ቁስል አካሚ ነው፤ አዲስ አበባ ሆስፒታል አጥንት ክፍል ብዙ ዓመት ሠርቷል። ስገባ አየኝና ሳቀ።

«አንተ ሰፋሪ፣ ይሄ ቤት ለአንተ ተሠራ። አናት ጣሪያ አይነካም!»

ጎባጣ ነኝ። አከርካሪዬ ከጉርምስናዬ ጀምሮ ጠሟል፤ ዕድሜ ሲጨምር ባሰ፤ ሕመሙም እንቅልፍ ይነሳኛል።

በሳምንቴ መርማሪው ጠርቶ ወረቀት አሳየኝ። «ድሬሰሩ ለሽፍቶች መድኃኒት ሲሰጥ አይቻለሁ ብለህ ፈርም። አዲስ አበባ ልከን ጀርባህን በኦፕራሲዮን እናቃናልሃለን። እስከ ነገ አስብበት» አለኝ። እኔ ምንም አላየሁም። ግን አልዋሽም፣ ልቤ ከጀለ።

ስመለስ የወረቀቱን ነገር ደብቄ «ኦፕራሲዮን ያቃናኝ ይሆን?» አልኩት ድሬሰሩን። ሸሚዜን አስወለቀኝ። ጣቱን ከማጅራቴ እስከ ወገቤ አወረደ። በተረከዜ አስኬደኝ፣ ደግሞ በእግሬ ጣት። በመጥረጊያ ስንጥር ውስጥ እግሬን ወጋ ወጋ አደረገኝ።

«ይሰማል?»

«ይሰማል እንጂ!»

«ሽንት አያመልጥም?»

«ኧረ ወዲያ! ጃጀሁ አልኩህ?»

«ወላሂ ጥሩ ነው። ኦፕራሲዮን ብረት ያስገባል፣ በቡሎን ያስራል። ቀጥ ብሎ የሄደ ሰው አይቻለሁ። ቁስል አመርቅዞ የሞተም፣ እግር ሽባ የሆነበትም አይቻለሁ። አንተ እግር ደህና ነው። በደረት ተኛ፣ ደረት አንሳ። ተረከዝ ግድግዳ አስጠጋ፣ ቁም። በየቀኑ። አያቃናም፤ ሕመም ያበርዳል።»

ለራሱ ብሎ ይሆን ብዬ ጠረጠርኩ። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ወረቀቱን አውቃለሁ፤ መርማሪው ሊያስፈራራኝ ለእኔም ነገረኝ። እግር ደንዝዞ ቢሆን ኦፕራሲዮን ግድ ነበር፤ ፈርም፣ ሂድ እልህ ነበር።»

እንዲህ ያለ ሰው ከዚያ ወዲያ አላየሁም። ከዓመታት በኋላ ባምባሲ ገበያ ስንገናኝ ከሰላምታው በፊት ጀርባዬን ነበር የዳሰሰው። ዛሬ ሰባ አልፎኛል። እንደጎበጥኩ ነኝ፤ ግን ማሳዬን በእግሬ እደርሳለሁ።

ያኔ፣ ድሬሰሩ ባየኝ ማግስት ጠዋት፣ ወረቀቱን ሲዘረጉልኝ እስክሪብቶውን አልነካሁም። «ያላየሁትን አልፈርም። ጀርባዬም ሐኪም አለው» አልኩ። ክፍሌ ተመልሼ ተረከዜን ከግድግዳው አስጠጋሁ። አናቴ አንድ ስንዝር ራቀ።

«ቀና በል፣ ሰፋሪ» አለኝ ድሬሰሩ።

ቀና አልኩ፤ የቻልኩትን ያህል።