ከኮምፒውተር ውስጥ የመጣ ሰላምታ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ከቡራዩ ሰበታ ድረስ እየሄድኩ፣ በአንድ የወጣቶች ማዕከል ውስጥ ልጆችን ኮድ መጻፍ አስተምራለሁ። በእኔ ዘመን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ፕሮግራም የሚጻፈው ካርድ እየተበሳ ነበር፤ አንዲት ቀዳዳ ከስፍራዋ ከሳተች ሥራው ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ጥንቃቄን የተማርኩት ከዚያ ነው። ልጆቹ ግን ችኮነት ይሉታል።

ሕጌ ጥቂት ነው። የተሠራ ሥራ ሁሉ በክፍሉ ፊት ይታያል፤ ከዚያም በጋራ ፎልደር ውስጥ ይቀመጣል። ማንም ቅጂውን ወስዶ ሊያሻሽለው ይችላል፤ የመጀመሪያውን ሠሪ ስም ማጥፋት ግን ክልክል ነው።

ይህን ሕግ አጥብቃ የጠላችው አንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። በፈተና ሰዓት መልሱን እንደሚሸፍን ሰው፣ ስክሪኑን በክንዷ ጋርዳ ትሠራ ነበር። በትምህርት ቤቷ አንደኛ የምትወጣ ስለሆነች ስስት መሰለኝ። ጠርቼ ስጠይቃት ነገሩ ሌላ ሆኖ ተገኘ። እናቷ ከወላይታ መጥታ በፋብሪካ ስትሠራ የኖረች ናት፤ ፋብሪካው ሠራተኛ ሲቀንስ እርሷም ተቀነሰች። አሁን ገበያ ወጥታ ሽንኩርት ልትሸጥ ተነሥታለች፤ ግን ኦሮምኛ አትችልምና ከገጠር የሚመጣውን ገበያተኛ በምን አፍ እንደምታናግር ጨንቋታል። ልጅቷ የምትሠራው ለእርሷ ነበር፤ ስክሪኑ ላይ ያለ ሥዕል ሲነካ ኮምፒውተሩ የገበያ ቃሉን በኦሮምኛ ይናገራል። ድምፁ የራሷ የልጅቷ ነው።

"ጋሼ፣ እኔ ባላሳይስ? ይስቁብኛል" አለችኝ።

ሕግ ሕግ ነው ብዬ አቀረብኳት። ሳቁባትም። ከሁሉ አብልጣ የሳቀችው በተፍኪ መንገድ ከሚኖር የገበሬ ቤተሰብ የተወለደች፣ በሁለቱም ቋንቋ አፏን የፈታች የክፍል ጓደኛዋ ነበረች። "ይሄ ኦሮምኛ እኮ ትኩስ ድንች ጎርሷል" አለች። ባለ ሥራዋ ኮምፒውተሩን ዘግታ እስከ ክፍሉ መጨረሻ አቀርቅራ ተቀመጠች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ፎልደሩን ስትከፍት ሥራዋ ሁለት ሆኖ ጠበቃት። ያች ሳቂ ቅጂውን ወስዳ ድምፁን በሙሉ ለውጣዋለች። ልጅቷ ፊቷ ተለዋውጦ ወደ እኔ መጣች፤ መሰረቋን ነገረችኝ። ከመፍረዴ በፊት ከፍተን እንስማ አልኳት። የሽንኩርቱን ሥዕል ነካችው።

"ቁሉቢ" አለ አንድ ያረጀ የሴት ድምፅ፣ ለሕፃን እንደሚያጎርስ ሰው ዝግ ብሎ። ከሥዕሉ በላይ የልጅቷ ስም በትልቁ እንደተጻፈ ነው።

ሳቂዋ ወደ እኛ ሳትዞር ነበር የተናገረችው። "አያቴ ናቸው። ድምፃቸው በስልክ ሲቀዳ ይፈራሉ፣ ስንት ለምኜ ነው።"

ልጅቷ ቃላቱን አንድ በአንድ ሰማቻቸው። ሲያልቁ እናቷን ይዛ መምጣት ትችል እንደሆነ ጠየቀችኝ።

እናትየዋ በሳምንቱ መጣች፤ ነጠላዋን አስተካክላ ከኮምፒውተሩ ፊት ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ልጇ የመጀመሪያውን ሥዕል ነካችላት።

"አካም ጅርቱ?" አሉ አሮጊቷ።

እናትየዋ ከወንበሯ ብድግ ብላ እጅ ነሣች።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ልጅቷም አብራ ሳቀች፤ ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያዬ ነበር። እኔ ግን በተማርኩበትም ሆነ ባስተማርኩበት ዘመን ለአንድ ፕሮግራም እንዲህ ያለ ክብር ሲሰጥ አላየሁም።

እናትየዋ አፈር ብላ ተቀመጠች። ቆይታም እኚህ እናት የት እንደሚገኙ ጠየቀች። ሳቂዋ ቀድማ መለሰች፤ "እዚሁ ገበያው ውስጥ ቅቤ ይሸጣሉ። ሲገቡ በስተቀኝ ነው፣ አያጧቸውም።"

"እንግዲያው ከአጠገባቸው ነው የምቀመጠው" አለች እናትየዋ።

ከዚያ በራሷ ጣት ሰላምታውን እንደገና ነካችው፤ ሰላም ነው ለማለትም በኦሮምኛ "ነጋ" ብላ መለሰች። ቃሉ እንደ ልጇ ሁሉ አፏ ውስጥ ይጎረብጣት ነበር። ሳቂዋ ወንበር ስባ ከጎኗ ተቀመጠችና "አንዴ ይድገሙልኝ" አለቻት።