ይበርዳል ብዬ የጠበቅኩት ትኬት

ሳዑዲ፣ ደማም ከተማ ውስጥ ሽቶና ያገለገለ ስልክ እሸጣለሁ። ንግድ ያስተማረኝ ባቲ ገበያ ዕድሜ ልኩን ፍየል የነገደው አባቴ ነው። ትምህርቱ አጭር ነበር፦ ጠዋት አትግዛ። ጠዋት ሻጭ ይኮራል፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ግን ፍየሉን እየጎተተ ቤቱ መመለሱ ይታየውና ዋጋው ይወርዳል።

ከረመዳን በኋላ አገር ቤት ልገባ ትኬት ቆርጬ ነበር፤ በቅናሽ፣ ለሰው ሁሉ እየጎረርኩ። ከዚያ እኅቴ ደወለች። አባዬ እህል ትቷል፣ ቶሎ ድረስ አለችኝ።

ጎረቤት ከተማ ኮበር ወዳለው ትኬት ቢሮ ሄድኩ። ጸሐፊዋ የአዲስ አበባ ልጅ ናት። ቀን ለማስቀየር መቀጫ አለው አለችኝ። እሺ አልኩ፤ በዚህ አገር መቀጫ ብርቅ አይደለም። ቀጥላ ከመቀጫው የሚበልጥ ሌላ ቁጥር ጻፈች። ይሄስ ምንድን ነው? ብላት፣ የዋጋ ልዩነት ነው አለች። መቀጫው ቀኑን ስለቀየርክ ነው፤ ልዩነቱ ደግሞ ያንተ ወንበር ርካሽ ስለነበረ፣ የከነገ ወዲያው ውድ ስለሆነ። እኔ ጥቁሩን ስልክ በነጭ ልቀይር ያለኝን ደንበኛ እንዲህ ባስከፍለው ሱቄን በላዬ ያፈርሰው ነበር።

"ነገ አይቀንስም?" አልኳት።

"ወንድሜ፣ ቀኑ ሲቀርብ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።"

አላመንኳትም። ሻጭ ሁሉ እንዲህ ይላል፤ እኔም እላለሁ። ባዶ ወንበር ይዞ ከመብረር በቅናሽ መሸጥ አይሻላቸውም?

አመሻሽ ላይ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ቤት ደወልኩ። እኅቴ ስልኩን አባዬ ጆሮ ላይ ያዘችለት። ዋጋውን ነገርኩት፤ ለምን እንደነገርኩት እንጃ፣ ጎበዝ እንዲለኝ ይሆናል። ድምፁ ቀጥኗል።

"አትቸኩል ልጄ፣ ገበያው ይብረድ" አለኝ። "እኔ የት እሄዳለሁ?"

ሁለት ቀን ጠበቅኩ። ልዩነቱ በየቀኑ ጨመረ። በሦስተኛው ቀን ያሉኝን ልከፍል ታክሲ ውስጥ ሳለሁ እኅቴ ደወለች። ከለቅሶዋ ገባኝ፤ ኢና ሊላሂ አልኩ። እኛ ዘንድ ጀናዛ አያድርም። ዛሬውኑ ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ ይቀብሩታል። የትኛውም አውሮፕላን አያደርሰኝም።

ለአፈሩ ባልደርስ ለለቅሶው ብዬ ቢሮው ገባሁ። ጸሐፊዋ ስነግራት ተነስታ አጽናናችኝ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ የሞት ማስረጃ ካመጣህ መቀጫው ይነሳልሃል፤ ልዩነቱ ግን አይቀርም አለችኝ።

ማስረጃውን አልጠበቅኩም። የጻፈችውን ቁጥር ሳላይ ሁሉንም ከፈልኩ። ገና ጠዋት ነበር።